ዲላ ያልደረሰው ፉርጎ

በዓለም ላይ ያሉ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት መጠን አንድ ለ87 ነው። ርዝመቱ 18 ሜትር የሆነ የመንገደኛ ፉርጎ በዚህ ልክ ሲሠራ ከ20 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መስኮቱ፣ የበሩ መወጣጫ፣ ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው ብረት፣ በጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይቀር በዚያው ልክ አንሶ ይገኛል። ይህን ዕቃ ያየ ሰው መጀመሪያ የልጅ መጫወቻ ይለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ሰው ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምሟገተው ለሌላ ሐሳብ ነው። የሞዴል ፉርጎ አንድ ኅብረተሰብ የራሱን ታሪክ በቁም ነገር ከሚመረምርባቸው መንገዶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን ኃይል የሚያገኘውም ሠሪውን ማምለጫ የሌላቸው ጥያቄዎች ፊት ስለሚያቆመው ነው፤ ዋናውን መምሰሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ነገሩን ለማሳየት ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመን ሐዲድ ደርሶት የማያውቅ ከተማ ነው፤ ዲላ።

አስቀድመን የመምሰልን ነገር እንመርምር፤ የሞዴል ዋጋ ዋናውን በትክክል መምሰሉ ነው የሚለው እምነት ሲፈተሽ አይጸናምና። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይዘልቅ በነበረው በቀድሞው መስመር ላይ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ሞዴል ሠሪዎች ግን አጠጋግተው 12 ሚሊ ሜትር ብለው ተስማምተውበታል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች ይባል ይሆናል። ክብደቱስ? ርዝመት 87 ጊዜ ሲያንስ ይዘት የሚያንሰው 87 በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ ይህም ከ658 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። 25 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በዚህ ስሌት 38 ግራም ብቻ ይሆናል። እንዲህ የቀለለ ፉርጎ ኩርባ ላይ ሲደርስ ከሐዲዱ ይወጣል፤ ስለዚህ ሠሪው ከወለሉ ሥር ብረት ወይም እርሳስ ይጨምርና ክብደቱን ከመቶ ግራም በላይ ያደርሰዋል። ሐዲዱን እንዳይለቅ ሲል ልኩን ሆን ብሎ ያፈርሳል ማለት ነው። ኩርባውም እንደዚያው ነው። በእውነተኛ መስመር ላይ ሬዲየሱ 150 ሜትር የሆነ ኩርባ በሞዴሉ ልክ 1 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ሐዲድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው ግማሽ ሜትር በማይሞላ ሬዲየስ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩ የጅቡቲ መስመር በልኩ ይዘርጋ ቢባል ደግሞ 9 ኪሎ ሜትር ይፈጃል፤ ማንም አይዘረጋውም። ጊዜን በ87 ማካፈልማ ከነጭራሹ ትርጉም የለውም።

እንግዲህ ልኩ በየቦታው ከተጣሰ፣ ጥሩውን ሞዴል ከመጥፎው የሚለየው ምኑ እንደተጣሰና ለምን እንደተጣሰ ሠሪው መልስ ያለው መሆኑ ነው። ዋናና አምሳያን አጎዳኝቶ ማሰብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ላሊበላ የኢየሩሳሌም አምሳያ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል፤ በመካከሉ የሚያልፈው ወንዝም የዮርዳኖስን ስም ይዟል። ይሁንና ማንም ተነስቶ በሜትር እየለካ ከዋናው ጋር አይገጥምም ብሎ አይከስም፤ የዚያ አምሳያ ሥልጣን የሚመነጨው ከስሙና ከጸሎቱ ነው። ዲላ በምትገኝበት በጌዴኦ ደግሞ ሌላ ዓይነት አምሳያ አለ። በቱቱ ፈላ የመቃብር ስፍራ የቆሙት ትክል ድንጋዮች የሰው ፊትና አካል ተቀርጾባቸዋል። አጥኚዎች እንዳሳዩት ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ መጀመሪያ በወንድ ብልት ቅርጽ ተጠርበው ከቆዩ በኋላ በሌላ ዘመን እንደገና ተቀርጸው የሰው መልክ የወጣላቸው ናቸው። አንዱ ድንጋይ ሁለት ዘመን ተሸክሟል። ታዲያ ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱን አሳንሰህ ቅረጽ የተባለ ሰው የትኛውን ይቀርጻል? የፊተኛውን ወይስ የኋለኛውን? ሁለቱን ባንድ ላይ መቅረጽ አይችልም፤ ዘመን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ፉርጎም እንዲሁ ነው። በአገልግሎት ዘመኑ ቀለሙ ይለወጣል፣ ወንበሩ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፣ መስኮቱ ይደፈናል፣ ማዕረጉ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዝቅ ይላል። ሞዴል ሠሪው ገና መቀሱን ሳያነሳ የሚወስነው የመጀመሪያው ነገር ዓመት ነው፤ ዓመት መምረጥ ደግሞ የታሪክ ፍርድ ነው። ስለ ባቡር የሚጽፍ ሰው «በድሮ ጊዜ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ፉርጎ የሚሠራ ሰው «በድሮ ጊዜ» የሚባል ቀለም አያገኝም።

ዋናውን እንይ። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ምክንያት ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አልቆ ወደቀ፤ በ1900 በተደረገ አዲስ ውል የፍራንኮ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረከበና ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ አሠርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል። ስለዚህ ለሦስት ቀን መንገድ የተሠራው ፉርጎ አልጋ አላስፈለገውም፤ አልጋው ሐዲዱ ዳር በተሠራው ሆቴል ውስጥ ነበር። ቡፌ የሚባለው የአዋሹ ሆቴል እስካሁን ስሙ የሚነሳው በዚህ የተነሳ ነው። የ1922 ዓ.ም. ፉርጎን በትንሹ የሚሠራ ሰው ጣሪያውን ገልጦ ወንበሮቹን ሲደረድር «ሰዎቹ የት ተኙ?» የሚለው ጥያቄ ይገጥመዋል፤ መልሱን ፍለጋ ሲወጣም ከፉርጎው አልፎ ሆቴሉን፣ የሌሊቱን ጉዞ መከልከልና የመንገዱን ሁኔታ ሊያጠና ይገደዳል። ፉርጎው ውስጥ የሌለ ነገር እንኳ ምክንያት አለው። በጽሑፍ ግን «ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር» ማለት ይበቃል፤ አንባቢውም ጸሐፊውም ስለ መኝታው ሳያስቡ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይሻገራሉ።

ጣሪያው ሲገለጥ የሚታየው ሌላው ነገር ግድግዳ ነው። በዚያ መስመር ላይ መንገደኛው በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማዕረግ ተከፍሎ ይጓዝ ነበር። ማዕረግ በቃል ሲነገር ሐሳብ ነው፤ በፉርጎ ውስጥ ሲሆን ግን እንጨትና ብሎን ይሆናል፤ የአንዱ ክፍል ሲሰፋ የሌላው ይጠብባል። ለአንድ ሰው ስንት ሳንቲ ሜትር ተሰጠው የሚለውን በማስመሪያ ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ኅብረተሰቡ ሰውን ከሰው እንዴት ያበላልጥ እንደነበር በዚህ ግልጽነት የሚናገር ሰነድ ብዙ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ የሚጓዙባቸው ፉርጎዎች በለገሃር ተጠብቀው ኖረዋል፤ ብዙ ጎብኚም የሚያደንቀው እነሱን ነው። ተገቢ ነው፤ ግን የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ብዙኃኑ የተጓዘበት ሆኖ ሳለ በዚያው ክብር ለማስቀመጥ የታሰበለት አይመስልም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሊቶሪና የተባለውን ባለሞተር ፉርጎ አመጣ። በ1952 በተደረገው ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ሆነ፤ ኢትዮጵያም የግማሹን ድርሻ ያዘች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ፈረሱ። ሞዴል ሠሪው ከእነዚህ ዓመታት የትኛውን ቢመርጥ የሚሠራው ፉርጎ የተለየ ነው፤ ጎኑ ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም እንኳ ይለያል።

አንድ ዓመት ግን አለ፤ ሞዴል ሊሸከመው የማይችለው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ገባና ፉርጎዎቹ ገደል ወደቁ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቀደም ብዬ ስለ ክብደትና ስለ ኩርባ ያልኩት እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። ሞዴሉ ኩርባ ላይ የሚጸናው ሠሪው ክብደት ስለጨመረበት ነው፤ ቢወድቅም በሁለት ጣት ይነሳል። ዋናው ፉርጎ ሲወድቅ የሚወድቀው ከነሰዎቹ ነው። መጠን ሲያንስ አብሮ የሚጠፋው አደጋው ነው፤ ይህን ጉድለት የትኛውም የእጅ ጥበብ አይሞላውም። ይህን ሳይደብቁ መናገር ለክርክሬ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ሞዴል ሁሉን ይናገራል አላልኩም፤ ሊመልሳቸው የሚገባው ጥያቄዎች አሉ ነው ያልኩት። ሞት ከእነሱ ውጭ ነው፤ እሱ በስም ዝርዝር፣ በሐውልትና በምስክር ቃል መያዝ አለበት። የ1977ን ፉርጎ የሚሠራ ሰው ካለም የትኛውን ወር እንደመረጠ ከሥሩ መጻፍ አለበት ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ከናዝሬት ተነስቶ ዲላ የሚደርስ፣ ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሐዲድ ቅጥያ ታቅዶ ነበር። ሐዲዱ ግን አልተዘረጋም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ ይርጋጨፌ፣ ወናጎና ኮቸሬ ቅርቧ ናቸው። ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ከነበሩት ዋና ዋና የቡና ገበያዎች አንዷ ነበረች። ሐዲድ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ዲላን መድረሻው ሊያደርግ የታሰበው በቡናዋ ምክንያት መሆኑ የሚያከራክር አይመስለኝም። ስሌቱም ቀላል ነው። 20 ቶን የሚይዝ አንድ የጭነት ፉርጎ 60 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ 333 ያህል ይጭናል፤ ጅቡቲ ሲደርስም ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል። በዚያው ሐዲድ ላይ ስድሳ ሰው የያዘ የመንገደኛ ፉርጎ ያን ያህል አያስገኝም። እንዲህ ባለ መስመር ላይ የመንገደኛው ፉርጎ ከጭነቱ ኋላ የሚቀጠል ተከታይ ነው። እንግዲህ የዲላ መስመር ቢሠራ ኖሮ በኋላው ላይ የሚቀጠለው ያ ፉርጎ ምን ይመስል ነበር? ማንስ ይሳፈርበት ነበር?

ጥያቄው ከባድ የሚሆነው የጌዴኦን የዚያን ዘመን ኑሮ ስናስገባበት ነው። ቡናውን የሚያለማው ገበሬ በመሬቱ ላይ ገባር ወይም ጢሰኛ ነበር፤ ከምርቱ የሚወሰድበት ድርሻ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የጌዴኦ ገበሬዎች በዚሁ ምክንያት ተነስተው ሚችሌ ላይ ተዋጉ፤ አመፁም በኃይል ታፈነ። ልብ እንበል፦ ሐዲድ ወደ ዲላ ይምጣ የሚለው ሐሳብና የሚችሌ ጦርነት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የአንድ አሠርት ዓመት ነገሮች ናቸው። ቡናው በሐዲድ ወደ ባሕር ሊሄድ ሲታቀድ፣ ቡናውን ያለማው ሰው ቡናው የማን ነው ብሎ ይዋጋ ነበር። አሁን የዲላን ፉርጎ የሚሠራ ሰው ግድግዳውን የት ያቆማል? በአንደኛው ማዕረግ ባለርስቱን፣ ገዥውን፣ ትልቁን የቡና ነጋዴ ያስቀምጣል እንበል። በሦስተኛው ማዕረግ ገበሬው ሊቀመጥ ይችላል፤ ግን ወዴት ይሄዳል? በዚያ ዘመን የገጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ አዲስ አበባ ከሚጓዝባቸው ጉዳዮች አንዱ አቤቱታ ነበር። ስለዚህ ቡናውን ሊያወጣ የመጣው ባቡር ክሱንም ሊያወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ያው ፉርጎ በመልሱ ወታደር ጭኖ ወደ ዲላ ሊመጣ ይችላል፤ ሐዲድ ሁለቱንም አይከለክልም። በፉርጎው ጎን ላይ የሚጻፈው በፈረንሳይኛና በአማርኛ ይሁን? ተሳፋሪው የሚናገረው ጌዴኡፋ ቦታ ይኖረዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የፈጠራቸው የጸሐፊ ምናብ አይደለም፤ ወለል፣ ወንበር፣ በርና ጽሑፍ ያለው ዕቃ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንዳች መልስ ሳይሰጥ ሊጨርሰው አይችልም።

እዚህ ላይ ዋናው ተቃውሞ ይመጣል። ዋናው የሌለ ነገር ምን ሞዴል አለው? ያልተሠራ መስመር ፉርጎን መሥራት ልብ ወለድ መጻፍ ነው፤ ታሪክ ነው ብሎ ማቅረብም ማሳሳት ነው ይባላል። ተቃውሞው ብርቱ ነው፤ መልሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፉርጎና ጣቢያን ለይተን እንይ። ጣቢያ ከቦታው ጋር የተጣበቀ ነው። ዲላ ላይ የባቡር ጣቢያ ቆሞ አያውቅም፤ ስለዚህ የዲላን ጣቢያ በሞዴል ሠርቶ ስሟን ግንባሩ ላይ መጻፍ ከምንም ተነስቶ መፍጠር ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ፉርጎ ግን ተንቀሳቃሽ ነው። በ1950ዎቹ የኩባንያው ፉርጎዎች ናዝሬት ላይ ቆመው ሰው ያሳፍሩና ያወርዱ ነበር። ቅጥያው ቢሠራ ወደ ደቡብ የሚታጠፉት እነዚያው ወይም የእነዚያ ወንድሞች ነበሩ፤ የናዝሬቱ ሐዲድ ባለ አንድ ሜትር ስለነበር ቅጥያው በዚያው ስፋት እንዲሠራ ግድ ይለው ነበር፤ ማዕረጉም ያው ነው። ፉርጎው ነበረ፤ መድረሻው ተመርጦ ነበር፤ የጎደለው ሐዲዱና ሰዎቹ ናቸው። ሰዎቹ ደግሞ ጥያቄያችን ራሱ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞዴል ሦስት ነገሮችን ከሥሩ ጽፎ እስካስቀመጠ ድረስ፣ ይኸውም ዓመቱን፣ ከማስረጃ የተወሰደውንና በግምት የተሞላውን፣ ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት የተሻለ ሐቀኛ ነው። «ይህ ቢሆን ኖሮ» እያሉ የሚጽፉ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምታቸው የቱ ጋ እንደሚጀምር ሁልጊዜ አይነግሩንም።

ፎቶግራፍ አይበቃም ወይ የሚሉም አሉ። ፎቶግራፍ ያነሳው ሰው ከቆመበት በኩል የነበረውን ያሳያል፤ ከፉርጎው ወዲያኛው ጎን ስላለው በር ምንም አይልም። ሞዴል ሠሪ ያንንም ጎን መሥራት አለበትና ያላየውን ፍለጋ ከፎቶግራፉ ውጭ ይወጣል፤ በድሬዳዋ የጥገና ጋራዥ የሠሩ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል፣ የቆመውን አሮጌ ፉርጎ በሜትር ይለካል። ቅንጦት ነው ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ካርቶን፣ ቀጭን ጣውላ፣ ሙጫና ማስመሪያ በቂ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1891 የጀርመኑ ሜርክሊን ደረጃቸውን የጠበቁ የሐዲድ ስፋቶችን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሞዴል ባቡር የንግድ ዕቃ ሆኗል፤ ያ ማለት ግን የሚሠራው በንግድ ዕቃ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የምሕንድስና ተማሪዎች በጋራ ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙበት ምክንያት እንዲህ በቀላሉ አይገኝምና።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ተቃውሞ ነው፤ እንኳንም ሐዲዱ አልመጣ የሚለው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከላይ ትላልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ በመካከል እንሰት፤ ከአገሪቱ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው ገጠሮች አንዱ በሆነው በዚህ ተዳፋት ላይ መሬቱ ሳይራቆት ሰው የሚመግብበት ሥርዓት ነው። ሐዲድ ቢመጣ ይህ ይጠፋ ነበር፣ ስለዚህ ያልተሠራውን ፉርጎ በናፍቆት መሥራት ማስተዋል የጎደለው ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሥጋቱን አከብራለሁ፤ ማስረጃው ግን ወደዚያ አይወስደኝም። ሐዲዱ ባይመጣም አውራ ጎዳናው መጥቷል፤ የቡና መኪና ለአሠርት ዓመታት ዲላን አቋርጦ ሲመላለስ ኖሯል። ዛፉና እንሰቱ የቆዩት የጌዴኦ ሰው በባህሉ ስለጠበቃቸው ነው፤ ባሌ በሚባለው ባህላዊ አስተዳደሩ፣ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎው፣ ዛፍ መቁረጥን በሚገድበው ደንቡ። የትራንስፖርት እጥረት ጠበቃቸው ማለት ለእነዚያ ሽማግሌዎች የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ነው። ናፍቆት ስለሚባለውም፣ ሚችሌን ያስገባ ሞዴል የሚናፈቅ ዘመን አያሳይም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የሦስተኛ ማዕረግ ወንበር በትክክል የሠራ ሰው ያን ዘመን አስውቦ አላቀረበም።

ነገሩ ያለፈ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላደክመውም ነበር። አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀምሯል። በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሐዲዱ ስፋት ከድሮው ሰፍቶ 1 ሜትር ከ43 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ ፉርጎዎቹም ከቻይና መጥተዋል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተጭኖ ወደ ባሕር በሚወርድ ኮንቴይነር ውስጥ የይርጋጨፌ ቡና ሊኖር ይችላል። ቡናው በሆነ መንገድ ባቡሩን አግኝቷል፤ የዲላ መንገደኛ ግን እንደ ድሮው በአውቶቡስና በሚኒባስ ሐዋሳን አልፎ ነው የሚጓዘው። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመርም በአገር አቀፉ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ስሙ ይነሳል፤ እስካሁን ግን አልተሠራም። አንድ ቀን የሚሠራ ከሆነ ፉርጎው ከውጭ ፋብሪካ ይታዘዛል፤ የበሩ ስፋት፣ የወንበሩ ብዛት፣ የዕቃ ማስቀመጫው ቁመት የሚወሰነው ተሳፋሪው ሳይጠየቅ ነው። ጣቢያዎቹም በአዲሱ መስመር ላይ እንደታየው ከከተማ ርቀው ሊቆሙ ይችላሉ። ሸቀጥ ይዛ ከገበያ የምትመለስ ሴት ጆንያዋን የት ታኖራለች? የታመመ ሰው በቃሬዛ የያዙ ሰዎች በየትኛው በር ይገባሉ? ጌዴኡፋ ብቻ የሚናገር ሽማግሌ የሚወርድበትን ጣቢያ በምን ያውቃል? ይህ ሁሉ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ከመሆኑ በፊት ጣሪያው በሚነሳ ፉርጎ ዙሪያ ሊነጋገሩበት ይቻላል። ለዚህ ዓላማ አንድ ለ87 ያንሳል፤ አንድ ለ20 ይሻላል፤ 18 ሜትሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆንና ዙሪያውን አሥር ሰው ቆሞ ያየዋል። የ1950ዎቹን ፉርጎም በዚያው ልክ ሠርቶ ከጎኑ ማስቀመጥ ይገባል፤ የድሮው ግድግዳ የት እንደነበረ ያላየ ሰው አዲሱ ላይ ግድግዳ ሲቆም አያስተውለውምና። በሁለቱም መጀመሪያ የሚቆረጠው ወለሉ ነው፤ ወለሉን ለመቁረጥ ደግሞ በላዩ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መወሰን አለበት።